መልስ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው በር፣
ባጃጁ ሲያወርድህ አንድ ነው የሚነገር፦
«መልስ የለኝም፣ ወንድም።»
አንተም ትተህ መሄድ፤ እሱም አይከፋም።
አንድ ብር ምን ገዝቶ? አንድ ብር ምን ሊያደርግ?
ማስቲካ እንኳን ዛሬ ሆኗል ባለማዕረግ።
እንዲህ እያልን ቀረ በየኪሱ ስፌት፣
በመሳቢያ ጥግ፣ ከመቀመጫ ሥር፣ አቧራ በዋጠው ምንጣፍ ፊት።

እኔ የፎቶ ቤት ነኝ፤ ጉርድ ነው የማነሳ፣
«ቀና በል፣ አትሳቅ» ሲል ውሎ ሌላ ቋንቋ የረሳ።
መምህር ዋለልኝ ገባ አንድ ቀን ከሰዓት፣
ጠመኔው ከእጁ ሳይለቅ፣ ሳይቀመጥ ለአፍታ፣ ሳይጠይቅ ደኅንነት፦
«ሃያ ሰባት ልጆች፣ ደብተር የሌላቸው፤
ደወል ሲደወል ለምሳ፣ ቧንቧው ነው ምሳቸው።
ትልቅ ገንዘብ ይቅር፣ ባለሀብት አልሻ፤
ሰው ትቶት የሚወርደውን፣ የኪሱን መጨረሻ።
ፊልም ሥራልኝና መናኸሪያው ይየው።»

ካሜራ አንጠልጥዬ ሄድኩ። ከላህ ወንዝ ማዶ ነው
የጠጅቱ ቤት።
ልጇ ስርጉት፣ የዘጠኝ ዓመቷ፣ ደጁ ላይ ተቀምጣለች።
ቁልፉን ልጫን ስል ግን ጠጅቱ ደረሰች፣
በነጠላዋ ጫፍ ልጇን ሸፈነች።
«ደብተሩስ ይምጣላት፤ ማን ይጠላል?» አለች፤
«ፊቷን ግን አታውጣው።
ነገ ታድጋለች።»

ካሜራዬን ሰቀልኩ። እርሳስ ቀረጽኩ።
ለአንዲት ሰከንድ ዕድሜ ዐሥራ ሁለት ሥዕል፤
ልጅቷ ዞር እስክትል ሌሊቱ እኩል ሲል።
መብራቱ ሲጠፋ ላፕቶፑ ይሞታል፤
ሻማ ተለኩሶ አጋዘን ይሣላል።

አጋዘን ማለቴ ዐሥር ሳንቲም ላይ ያለው፤
ስንት ዘመን በኪስ ታስሮ ሣር ያማረው!
ቀንዱን ነቀነቀ፣ ከናሱ ዘለለ፣
ከጮቄ ሣር ግጦ ቁልቁል ተንከባለለ።
ባለጠመንጃው ሰው፣ የአምስት ሳንቲሙ፣
ጠመንጃውን ጥሎ ጄሪካን መሸከሙ!
የብሩም ሚዛን አለ፤ በአንድ ወገን ደብተር፣
በሌላኛው ወገን የባጃጁ ዝርዝር፤
ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፣
እኩል ቆመ።

አንድ ቅዳሜ ምሽት አይሱዙ አቁመን፣
ጎኑ ላይ አንሶላ ወጥረን፣
አሳየን። ሦስት ደቂቃ።
«ቡሬ! ቡሬ!» ባዩ ረዳት አፉ ተያዘ፤
ሻንጣ የተሸከመው ከነሻንጣው ፈዘዘ።
አያ ጥላዬ ብቻ
«የልጅ ነገር!» አለና፣ ትንሽ ቆየት ብሎ፣
ቅጭል አደረገው፣ ኪሱን ገልብጦ ጥሎ።
አንማው ባጃጁ ላይ የቲማቲም ጣሳ
አሰረ። «መልስ የለኝም» ማለቱን አልረሳ፤
ግን ሲል ጣሳውን ያያል፣
ተሳፋሪውም ያያል።

በወሩ ቆጠርነው፤ ደብተሩ ሞላና፣
ምሳው ግን አልሆነም፤ ቧንቧው አለ ገና።

ስርጉት ፎቶ ቤቱ አንድ ቀን ገባች።
«የልጅቷ ጫማ ተበጥሷል» አለች፤
«የኔን ግን ሰፍቼዋለሁ።»
እግሯን አነሣች። ቀይ ክር።
ምን ይባላል? ቁጭ ብዬ፣
ስምንት ሰከንድ፣ ዘጠና ስድስት ሥዕል፣
እያንዳንዱን ጫማ በቀይ ሰፋሁት።

«ደሞ» አለች፣ አጠገቤ ቆማ፣
«ብሯ እጇ ላይ ከወደቀች በኋላ ልጅቷ ምን ሆነች?»
ፊልሙ እዚያ ነው የሚያልቀው።
አፌ የአንማው አፍ ሆነ፦
«መልስ የለኝም።»

ባዶ ወረቀት ሰጠኋት፤ እርሳሱንም።
ምላሷን በጥርሷ ይዛ አቀረቀረች።
ሦስት ጎማ ሠራች፤ አንዱ ትንሽ ጠመም ያለ።
ጣሪያ። መሪ። ከመሪው ኋላ
አንዲት ልጅ።
ፊቷን ራሷ ሣለችው፣
ከነወላቃ ጥርሷ፣ ስትስቅ።
«ማን ናት?» አልኳት።
ቀና እንኳን ሳትል፦
«ይቺኛዋ ሾፌር መልስ አላት።»